ከጥዱ ሥር የሚያልፈው ጠርዝ

ግንበኛው ኦቦ ዳባ ለመንገዱ ጠርዝ ያመጣቸውን ሦስት ናሙናዎች በረንዳው ፊት በተርታ አስቀመጣቸው። አንደኛው ከአስኮ በኩል የመጣ የተጠረበ ጥቁር ድንጋይ ነበር፤ ክንድ የሚረዝም፣ ፊቱ የተስተካከለ። ሁለተኛው ቀይ ጡብ ነው፤ በጎኑ ዘንበል ብሎ እንዲቆም ተደርጓል። ሦስተኛው ከወንዝ የተለቀመ ድቡልቡል ድንጋይ ሆኖ ኖራ ተቀብቷል።

ዋጋነሽ የሲኞራዋን አንሶላ ገመድ ላይ እያሰጣች በአንሶላዎቹ መካከል ትመለከታለች። ሌላው ሰው የሚያየው ድንጋዮቹ ከመሬት በላይ የሚያሳዩትን መልክ ነው። እሷ የምታስበው ከመሬት በታች የሚገባውን ነው። ጥቁሩ ድንጋይ እንዳይነቃነቅ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦይ ተቆፍሮለት፣ ከሥሩ ጠጠር ተደልድሎለት ግማሽ አካሉ ይቀበራል። ጡቡም እንደዚሁ። ነጩ ብቻ መሬቱ ላይ ቁጭ ይላል፤ ምንም አይቆፈርለትም።

ክረምቱን ሙሉ የጣሊያኑ ካፒቴን መኪና ከበሩ እስከ ቤቱ ባለው ጭቃ ውስጥ እየሰመጠ ወታደሮች ሲገፉት ከርመዋል። አሁን መስከረም ሲጠባ መንገዱ ተደልድሎ ካትራሜ የሚሉት ጥቁር ሬንጅ ሊፈስበት ነው። ሬንጁ በግራና በቀኝ ጠርዝ ይፈልጋል፤ ያለ ጠርዝ ከቀረ ዳሩ በጎማ እየተፈረፈረ ያልቃል። የቀኙ ጠርዝ የትም ቢያልፍ ዋጋነሽ ግድ የላትም። የግራው ግን በትልቁ ጥድ ሥር ያልፋል። ከጥዱ ሥር፣ አንድ ክንድ አፈር ዝቅ ብሎ፣ የድሮ የእህል ጉድጓድ አፍ አለ። ጉድጓዱ ውስጥ እህል የለም። ባሏ ወልደ አማኑኤል ዱር ከመግባቱ በፊት በቆዳ ጠቅልሎ ያስቀመጣቸው ጠብመንጃዎች አሉ።

ከየካቲቱ እልቂት ወዲህ የጥይት ቀለህ ኪሱ ውስጥ የተገኘበት ሰው እንኳ ተሰቅሏል። ጠብመንጃ ስለተገኘበት ግቢ ሰው በሹክሹክታም አያወራም።

ግቢው የእሷ ነበር። ጣሊያን ሲገባ ካፒቴኑ ቤቱን ያዘው፤ እሷ ባሌ ሞቷል ብላ፣ ልብስ አጣቢ ሆና፣ ጓሮ ባለችው ጎጆ ከልጇ ከሰርኬ ጋር ቀረች። ዘመዶቿ ነይ ውጪ፣ እኛ ጋ እደሪ ብለዋታል። ጉድጓዱን ጥላ የት ትሄዳለች? የኮልፌ ሰው ማን እንደሆነች ያውቃል፤ ግን ዝም ብሏል። አስተርጓሚው መኳንንትም ያውቃል። እሱም እስካሁን ዝም ብሏል።

ሲኞራዋ ከባሏ ዘግይታ በመርከብ የመጣች ቀጭን ሴት ናት። በድንጋዮቹ ዙሪያ ተራመደች፣ ጎንበስ አለች፣ ራቅ ብላ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ አየቻቸው። ከዚያ ለመኳንንት አንድ ነገር አለችው።

"ምርጫውን ካፒቴኑ ለኔ ትቶታል ትላለች" አለ መኳንንት፣ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ። "አንተ የትኛው ይሻላል ትላለህ ዳባ?"

"ለኔ ሁሉም ድንጋይ ነው" አለ ኦቦ ዳባ። "ጥቁሩ ወገብ ይቆርጣል። ነጩ በየዓመቱ ኖራ ካልቀባችሁኝ ብሎ ያለቅሳል። ጡቡ ደግሞ የፈረንጅ ነው፣ ጠባዩን አላውቅም።"

ሁለቱ ቆፋሪዎች ሳቁ። መኳንንትም ፈገግ አለ፤ ምን ያህሉን እንደተረጎመው እንጃ። ሲኞራዋ ዘወር ስትል ዋጋነሽን አየቻት፤ ፊቷ በራ። በእጇ ወደ ድንጋዮቹ፣ ከዚያ ወደ እሷ አመለከተች።

"አንቺን ነው የምትጠይቀው" አለ መኳንንት። "የትኛው ደስ ይልሻል?"

የዋጋነሽ ልብ ዘለለ። ነጩ ምላሷ ላይ ነበር። ግን ሰው የመጀመሪያ ጥያቄ ላይ እጁን አይዘረጋም። ሲጠይቁት ግድ የለኝም ይላል፤ ጠያቂው በሞቴ ይላል፤ አሁንም ይግደረደራል፤ እንደገና ሲለምኑት ያኔ፣ እያፈረ፣ የልቡን ይናገራል። እናቷ እንዲህ አሳድጋታለች። ያውም ለቤት እመቤት፣ ያውም በሰው ፊት።

"እሳቸው እንደወደዱ" አለች አንገቷን ደፍታ። ደፍታም ሁለተኛውን ጥያቄ ጠበቀች።

ሲኞራዋ ትርጉሙን ሰምታ ራሷን ነቀነቀች። መልሱ ያስደሰታት ትመስላለች። ወደ ድንጋዮቹ ዞረችና የጥቁሩን ጫፍ በጫማዋ ነካ አደረገችው።

"ኔሮ" አለች።

ዋጋነሽ እርጥቡን አንሶላ እንደያዘች ቀረች። በሞቴ የሚባል ነገር በሲኞራዋ አገር እንደሌለ የገባት ያኔ ነው።

ኦቦ ዳባ ጊዜ አላጠፋም። ችካል ተከለ፣ ገመድ ወጠረ። ከቀኙ በኩል ቢጀምር አንድ ቀን ታገኝ ነበር፤ አንድ ቀን ካገኘች ደግሞ አንድ መላ ይመጣላት ነበር። እሱ ግን ጥላ ፍለጋ ከግራ ጀመረ። ሁለቱ ቆፋሪዎች ከበሩ ተነስተው ገመዱን ተከትለው ወደ ጥዱ መጡ። አንደኛው የኦቦ ዳባ የእህት ልጅ ነው። ሌላው ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም፤ ወታደሮቹ ልከውት ነው ይባላል። የጣሊያን ሲጋራ ያጨሳል፤ ሲያጨስም ሰው እንዲያየው ይፈልጋል።

ልብሱን ከምታጥብበት ገንዳ ሆና የዶማውን ድምፅ ታዳምጣለች። ዶማ ለስላሳ አፈር ሲመታ አንድ ዓይነት ድምፅ አለው፣ ሥር ሲመታ ሌላ። ጠፍጣፋ ድንጋይ ሲመታ ምን ዓይነት እንደሚሆን ታውቀዋለች፤ የጉድጓዱ ክዳን ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። አንዱን ሸሚዝ ደጋግማ አጠበችው።

በመጨረሻ ውሃ በቅል ይዛ ሄደች።

"ጠለቅ አላደረጋችሁትም ኦቦ ዳባ?"

"ልኩ ጉልበት ነው እሜቴ።"

"እሜቴ አይበሉኝ፣ ሰው ይሰማል።"

"እሺ፣ አንቺ" አለ ኦቦ ዳባ እየሳቀ። ቅሉን ተቀብሎ ጠጣና ለእህቱ ልጅ አቀበለው።

"እኔ እኮ ነጩ ባማረ ነበር ብዬ ነው።"

"ማማሩን ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ? ስትጠየቂ እንደወደዱ አልሽ። አሁን ድንጋዩ ተመርጦ አልቆ፣ እኔ ወገቤ ተቆርጦ..."

"ሳይቆፈር ከላይ ከላይ ቢቀመጥስ?"

"ካልተቀበረ የመጀመሪያው መኪና ገፍትሮት ይሄዳል። ከዚያ እኔን ያንጠለጥሉኛል።" ቀልዱን ነበር። ፊቷን ሲያይ ግን ሳቁ ቀረ። "ምነው? አሞሻል?"

ልትነግረው አፏን ከፈተች። ባለ ሲጋራው ዶማውን ተደግፎ ያያታል።

"ፀሐዩ ነው" አለች፤ ቅሉን ይዛ ተመለሰች።

ምሳ ሰዓት ላይ ቦዩ የጥዱ ጥላ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሰዎቹ ቆሏቸውን በልተው ሲነሱ ባለ ሲጋራው ቀድሞ ወረደና አንድ ሁለቴ ዶማውን ሰነዘረ። ቆመ። ጎንበስ ብሎ አፈሩን በእጁ ዘገነ።

"ይሄ አፈር ላላ ያለ ነው" አለ ጮክ ብሎ። "ከዚህ በፊት ተቆፍሯል።"

"የጥድ ሥር ያላላዋል" አለ የኦቦ ዳባ የእህት ልጅ።

"ሥርማ ያጠብቃል። እዚህ አንድ ነገር ተቀብሯል። የድሮ ሰው ወርቅ ቢሆንስ?"

"አንተ ካገኘኸው ወርቅም ቢሆን ድንጋይ ይሆናል" አለ ኦቦ ዳባ። "በል ቆፍር።"

ዋጋነሽ የጨመቀችውን ልብስ ገንዳው ውስጥ መልሳ ጣለችው። ተቀብሯል የሚለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ወደ በረንዳው ስትሄድ እግሯ እየቀደማት ነው፤ ምን እንደምትል ያወቀችው ደረጃው ላይ ስትደርስ ነው። በሕይወት ያለች ልጅ ላላት እናት እንዲህ ያለ ነገር በአፍ ማውጣት ሟርት ነው። ሞት ስሙ ሲጠራ አድራሻ ያገኛል ይባላል።

ሲኞራዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጥልፍ ትጠልፋለች። መኳንንት ደረጃው ላይ ቆሟል።

"አቶ መኳንንት፣ ይንገሩልኝ። ቁፋሮው ይቁም ይበሉልኝ።"

"ምን ሆንሽ?"

"ከጥዱ ሥር ልጄ አለ። ከሰርኬ በፊት የወለድኩት። ክርስትና ሳይነሳ ሞተብኝ፣ ቤተ ክርስቲያን አይገባም አሉኝ፣ እዚያ ነው የቀበርኩት። አጥንቱን እንዳይነኩብኝ።"

መኳንንት አያት። ሰርኬን ያዋለደችው የመኳንንት እናት ነች። እትብቷን የቆረጠችው፣ "በኩርሽ ሴት ሆነች፣ ቤትሽ ይሞላል" ብላ የመረቀቻት እሷ ነች። ያኔ መኳንንት ውሃ የሚያመላልስ ጎረምሳ ነበር፤ እልልታውን በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። ከሰርኬ በፊት ማንም እንዳልነበረ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

እስካሁን ዝም ብሏል። ዝም ማለት አንድ ነገር ነው። በገዛ አፍ መዋሸት ሌላ ነገር ነው፤ ሲታወቅ የሚያስይዘው የሚዋሸውን ሰው ነው።

"ይህን ልንገራት?" አለ ቀስ ብሎ።

"ይንገሩልኝ።"

ባርኔጣውን አወለቀ። ወደ ሲኞራዋ ዞረና መናገር ጀመረ።

ዋጋነሽ ከቋንቋው አንድም ቃል አታውቅም። የሚለው ረዘመባት። እሷ ያለችው ይህን ያህል አይረዝምም። ምን እየጨመረ ነው? ባሏ ዱር ነው እያለ ይሆን? የሲኞራዋን ፊት ታያለች፣ የመኳንንትን ከንፈር ታያለች። ሲኞራዋ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካች። ተነሳች። እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሰው ሲደነግጥም፣ ሲያዝንም እጁን አፉ ላይ ያደርጋል። ከዚያ ሲኞራዋ ወደ ቤቱ ዞራ የባሏን ስም ጮክ ብላ ጠራች።

አለቀ አለች ዋጋነሽ በልቧ። ዓይኗ ወደ ጎጆዋ ሄደ። ሰርኬ እንቅልፍ ላይ ናት። ቀስቅሳት፣ አዝላት፣ በጓሮ አጥር ሾልካ... ከዚያ ወዴት?

ካፒቴኑ ሸሚዙን ሳይቆልፍ ወጣ። ባልና ሚስቱ ተነጋገሩ። ካፒቴኑ ትከሻውን ነቀነቀ፣ በእጁ የመቆፈር ምልክት አሳየ፣ ሳቀ። ሲኞራዋ አልሳቀችም። ድምፅዋ ወፍራም ሆኖ አንድ ነገር አለችው፤ የካፒቴኑ ሳቅ ተቋረጠ። ወደ ውስጥ ተመለሰ።

"ምን አለች?" አለች ዋጋነሽ።

መኳንንት ግንባሩን ጠረገ። "አዝናለች። ሕፃን የመኪና መንገድ ዳር አይተኛም ትላለች። አሁኑኑ ቄስ አስመጥቼ አስወጣዋለሁ፣ በሣጥን በክብር ይቀበራል፣ ሣጥኑን እኔ አሰራለሁ ነው የምትለው።"

"አይሆንም!"

ሲኞራዋ ቃሉን ሳትረዳ ጩኸቱ አስደነገጣት።

"ቀስ በይ" አለ መኳንንት ከንፈሩን ብዙም ሳያንቀሳቅስ። "ምክንያት ስጪኝ። ባዶ እጄን አታቁሚኝ።"

"እኛ አገር... እኛ አገር እንዲህ የተቀበረ አይነሳም ይበሏት። የተነሳ እንደሆነ..." ወደ ጎጆዋ ዞር ብላ አየች። "የተነሳ እንደሆነ እህቱን ይጠራታል ይበሏት።"

አለችው። ካለችው በኋላ አየሩ ውስጥ እንደቀረ ተሰማት፤ መልሳ ብትውጠው በወደደች። መኳንንት ተረጎመው። ሲኞራዋ ገረጣች። ወዲያው አንገቷ ላይ ያለውን መስቀል ጨበጠችና ቀሚሷን ሰብስባ ከደረጃው ወረደች። በቀጥታ ወደ ጥዱ ሄደች። መኳንንት ተከተላት፣ ዋጋነሽም ተከተለች።

ባለ ሲጋራው ቦዩ ውስጥ ነበር። ዶማው ከራሱ በላይ ከፍ ብሏል።

"ባስታ!" አለች ሲኞራዋ።

ዶማው ቀስ ብሎ ወረደ። ሲኞራዋ በእጇ አየር ላይ መስመር እያሰመረች ተናገረች፤ መኳንንት ለኦቦ ዳባ ተረጎመ። ጥቁሩ ድንጋይ እዚህ ጋ ይቁም። ጠርዙ ወደ መንገዱ ገባ ብሎ ይዙርና ቦታውን ውጭ ይተወው። ቦታው አይቆፈር፣ አይረገጥ። ነጫጮቹን ድንጋዮች አምጥቶ ዙሪያውን ይክበበው።

"ጠርዙ ይጣመማል" አለ ኦቦ ዳባ።

"ይጣመም ትላለች።"

"መኪናው ሲታጠፍ..."

"ዳባ፣ ሕፃን ተቀብሮበታል። የእሷ ልጅ።"

ኦቦ ዳባ ዋጋነሽን አያት። ከዚያ የላላውን አፈር አየ። ከዚያ እንደገና እሷን አየ፤ ይኼኛው አስተያየት ረዘመ። በዚህ ግቢ አጥር ሲያጥር፣ ግንብ ሲገነባ ስንት ዓመት ወጥቶ ገብቷል፤ የሞተ ልጅ ሰምቶ አያውቅም። ቆቡን አወለቀ።

"ነፍሱን ይማረው" አለ።

የእህቱ ልጅም ደገመው። ባለ ሲጋራው ከቦዩ ወጣ፤ ሲጋራውን ጣለና በእግሩ አጠፋው፤ እሱም አንገቱን ደፋ። ግን አፈሩን ከእጁ አላራገፈም። ጣቶቹ መካከል እያሸ ይመለከተው ነበር።

ዋጋነሽ ቆማለች። ዓይኗ ደረቅ ነው። ሲኞራዋ አጠገቧ መጥታ ክንዷን ያዘች፤ ጎንበስ ብላ ፊቷን ለማየት ትሞክራለች።

"አልቅሺ እንጂ" አለ መኳንንት ከኋላዋ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። "እያየችሽ ነው።"

ማልቀስ አልቻለችም። የወልደ አማኑኤልን ፊት አሰበች፤ አልመጣላትም። የተሰቀሉትን አሰበች፤ ፍርሃቱ እንባውን አደረቀው። ያኔ የጎጆዋ በር ተከፈተ። ሰርኬ ከእንቅልፏ ነቅታ፣ ፀጉሯ በአንድ ወገን ተጨፍልቆ፣ ዝምታውን እያየች መጣች። ራቁታቸውን የቀሩ ራሶችን አየች፤ ባርኔጣ በእጅ የያዙ ሰዎችን አየች።

"እማዬ፣ ማን ሞተ?"

እንባው ያኔ መጣ። እንዲህ በአንድ ጊዜ ይመጣል ብላ አላሰበችም። ተንበርክካ ልጅቷን ሳበቻት፤ ትኩስ ናት፣ የእንቅልፍ ሽታ አላት። ሙቀቱ የእንቅልፍ ነው ወይስ ትኩሳት? እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች፣ አንገቷ ላይ አደረገች።

"ማን ሞተ እማዬ?"

ሦስቱ ሠራተኞች ይሰማሉ። ባለ ሲጋራው ራሱን ቀና አድርጓል።

"ወንድምሽ" አለች ዋጋነሽ።

"ወንድም አለኝ እንዴ?"

"ነበረሽ። ሳትወለጂ በፊት።"

ሰርኬ ይህን አሰበችበት። ጥዱን አየች፣ አፈሩን አየች። ልጅ እንደሆነች ሁሉ ቀጥሎ የሚጠየቀውን ጠየቀች።

"ስሙ ማነው?"

ዋጋነሽ አፏን ከፈተች። ብዙ ስም መጣላት፤ ግን ሁሉም ባለቤት አለው። የወንድሟ ልጅ። የጎረቤቷ ልጅ። የደብሩ አለቃ ልጅ። የመጣላት ስም ሁሉ በዚህ ሰዓት አንድ ቦታ ላይ የሚተነፍስ ሰው ነው፤ የትኛውን ከዚህ አፈር ሥር ታስገባዋለች? አንዷን ልጅ ለሞት ጠቁማለች፤ ሌላ አትጨምርም። ሲኞራዋ ልጅቷ ምን እንዳለች ለማወቅ ወደ መኳንንት ዞረች። ባለ ሲጋራውም ጠበቀ።

"ይታገሱ" አለ መኳንንት።

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። ያለ ሰው ቃል፣ ማንም ምንም ሳይለው፣ ከራሱ የተናገረው በዚያ ግቢ የመጀመሪያው ነበር።

"ይታገሱ ነበር ስሙ" አለ ለሰርኬ። "እናቴ ናት ያዋለደችው። አስታውሳለሁ።" ከዚያ ለሲኞራዋ በቋንቋዋ ነገራት።

"ኢታጌዙ" አለች ሲኞራዋ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ።

ባለ ሲጋራው እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። አፈሩ ረገፈ። ኦቦ ዳባ ወደ በረንዳው ሄደ፤ ነጩን ድንጋይ ታቅፎ ተመለሰና ከጥዱ ሥር አስቀመጠው። ሌሎቹን ከወንዝ እንዲያመጣ የእህቱን ልጅ ላከው።

ዋጋነሽ ልጇን እንዳቀፈች ወደ መኳንንት ቀና አለች። አመሰግናለሁ ማለት አይቻልም፤ ምን ትላለች? እሱ አያያትም። ባርኔጣውን ራሱ ላይ መልሶ ጠርዙን በጣቶቹ ያስተካክላል። ከፊቱ ምንም ማንበብ አልቻለችም። ከሞት አውጥቷት ይሁን፣ ወይስ ለሌላ ቀን አስቀምጧት ይሁን፣ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። እናቱም አለች፤ ዛሬ ሳይመሽ እናቱ ይህን ልጅ ማዋለዷን ከማንም በፊት መስማት አለባት።

ሲኞራዋ የሰርኬን ፀጉር ዳበሰችና ወደ ቤቱ ተመለሰች። ነገ አበባ ይዛ ትመጣለች፤ ደግሞ ትጠይቃለች፤ ስንት ቀን ኖረ፣ ምን አመመው፣ ማንን ይመስል ነበር። ዋጋነሽ ተነስታ ልጇን በጀርባዋ አዘለቻት። ወደ ገንዳው ስትራመድ፣ ሲጠይቋት ሳታስብ መልስ መስጠት እንድትችል፣ ስሙን ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ለራሷ ደጋግማ አለችው።